የጢስ ክልከላ፤ ከቦሩ ሜዳ እስከ ሰንበቴ ሻይ ቤት

ሰንበቴን የሚያውቅ ሰው በእሑድ ያውቃታል። ስሟም ቀኗም አንድ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ አርጎባው የሸመነውን ጋቢ ተሸክሞ ይመጣል፤ ኦሮሞውና አማራው ማሽላውን፣ ጤፉን፣ ቅቤውን ይዞ ይደርሳል። የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ መሀል ለመሀል ስለሚያልፍባት ከባድ መኪናውም ይቆማል፤ ሾፌርና ረዳት ወርደው ሻይ ይጠጣሉ፤ ጫት ይገዛሉ። ይህን ሐተታ የጻፍሁት ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ በአንዲት ሻይ ቤት ያየሁት ነገር አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

ነገሩ ትንሽ ነው። ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አንድ ሾፌር ልክ ከወረቀቱ ሥር ተቀምጦ ሲጃራውን ለኮሰ። ባለቤቲቱ ጠጋ ብላ፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ወጣ ብለህ አጭሳት፤ እኔን ነው የሚቀጡኝ» አለችው። እሱም ሳይቆጣ፣ እንዲያውም ፈገግ ብሎ፣ «እናቴ፣ ቤቱ ያንቺ፣ ሳንባው የኔ፤ ታዲያ መንግሥትን ምን አገባው?» አላት። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ አገር መንግሥት በሰው ሳንባና በሰው ቤት ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለምና።

የመጀመሪያውን ለማግኘት ወደ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን (1864–1881 ዓ.ም.) መመለስ አለብን። በዚያ ዘመን ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ታዝዞ እንደ ነበር ይታወቃል። ደጋግመን የምናወራው የቅጣቱን ጭካኔ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ አፍንጫው። ሱረት እኮ ጢስ የለውም! አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ከማስነጠስ ያለፈ ምንም አያደርገውም። እንግዲህ ሕጉ የማንንም ጤና ለመጠበቅ የወጣ እንዳልነበረ ከዚችው ከአፍንጫዋ ይገባናል። ታዲያ ምን ሊጠብቅ ወጣ?

ምልክት ሊጠብቅ። በደጋው ሕዝበ ክርስቲያን ዘንድ ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ቅጠል ነው እየተባለ ይነገር ነበር፤ ዛሬም የሚሉ ሽማግሎች አሉ። ትምባሆ፣ ቡናና ጫት ሦስቱም የእስላም፣ አንዳንዴም የ«አረመኔ» መታወቂያ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። የቦሩ ሜዳው ጉባኤ በ1870 ዓ.ም. ሲደረግ የወሎ እስላም ሁሉ ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። እምቢ ያለውም ብዙ ነበር፤ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር በዚሁ በእኛ አካባቢ፣ ከቃሉ እስከ ይፋት ባለው አገር፣ ሕዝብ አስነሥተው ተዋግተዋል። እንግዲህ ከንፈር የሚቆረጥበት ሕግና ማዕተብ የሚታሰርበት ሕግ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። የተከለከለው ጢስ ሳይሆን የጢሱ ባለቤት ነበር።

ደግሞ ግምቱ ራሱ ትክክል አልነበረም። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ትምባሆ የተጠላ ነው ያለ አለ፤ ጭራሽ ሐራም ነው ያለም አለ። ጋያ የሚስብ እንዳለ ሁሉ ጋያ የሚሰብር ሸህም ነበር። ቤተ መንግሥቱ ግን ይህን የሚለይበት ዓይን አልነበረውም። ቡናውስ? የዚያን ጊዜው ውጉዝ መጠጥ በምኒልክ ዘመን ከቤተ መንግሥት ገባ፤ ዛሬ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ቄጠማ ጎዝጉዘን የምናቀርበው «ባህላችን» ሆኗል። ከሦስቱ ውጉዛን አንዱ ተሾመ፤ ሁለቱ ደጅ ቀሩ ማለት ነው።

የእኛ ነገሥታት ብቻ እንዳልነበሩ ለማስታወስ ያህል፦ የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ መጽሐፍ ራሱ ጽፎ ቀረጡንም እጅግ አድርጎ ከፍ አደረገው። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ ደግሞ በ1633 አጫሹን በሞት ይቀጣ ነበር። ሁለቱም አልተሳካላቸውም።

ከዚያ የሚመጣው የታሪክ ምዕራፍ ለኔ ከመቁረጡ ይልቅ ያስገርማል። ከጣሊያን ወረራ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ። ትናንት ከንፈር ሲቆርጥ የነበረ መንግሥት ዛሬ ብቸኛ ሲጃራ ሻጭ ሆነ! ግስላና ኒያላ የሚባሉት ሲጃራዎች ከዚያ ቤት የወጡ ናቸው። ቅጠሉም ሩቅ አገር አልተተከለም፤ ከሰንበቴ ወደ አዲስ አበባ ስትወርድ የምታገኛት ሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻ አገር ናት። ዘውዱ ሄደ፤ ደርግ መጣ፤ ደርግም ሄደ፤ ፋብሪካው የመንግሥት እንደ ሆነ ብዙ ዘመን ኖረ። ንጉሣዊ ሆነ ሶሻሊስት፣ ከጢስ የሚገኘውን ገንዘብ የናቀ መንግሥት አላየንም። በኋላ ለጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. 40 በመቶው በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በታኅሣሥ 2010 ደግሞ 30.95 በመቶው በ434 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሁለተኛው ሽያጭ ከተፈረመ ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ፣ ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የተወካዮች ምክር ቤት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112ን አጸደቀ። ሽጦ መከልከል! ነጋዴ ቢያደርገው ምን ይባል እንደ ነበር አንባቢ ይፍረድ። በእርግጥ መንገዱ ቀደም ብሎ ተጀምሯል፤ አገራችን የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃ ነበር።

አዋጁ ምን ይላል? በሥራ ቦታ፣ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስ ክልክል ነው። ከበርና ከመስኮት አሥር ሜትር ሳይርቁም ማጨስ አይቻልም። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ አይሸጥም። ሺሻ ተከልክሏል። የቤቱ ባለቤትም ቤቱ ከጢስ ነፃ እንዲሆን የማድረግ ግዴታ አለበት። የሻይ ቤቷ ባለቤት «እኔን ነው የሚቀጡኝ» ያለችው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሾፌሩ እንመለስ። «ቤቱ ያንቺ፣ ሳንባው የኔ» ሲል ሁለት ሰው ቆጠረ። በዚያ ቤት ግን ሦስተኛ ሰው አለች፦ ከአሥራ ሰባት ዓመት የማትበልጥ አስተናጋጅ። ሾፌሩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጠጥቶ ይሄዳል፤ እሷ ከጧት እስከ ማታ እዚያው ናት። ቤቱም የእሷ አይደለም፤ ጢሱም የእሷ አይደለም፤ ሳንባው ብቻ ነው የእሷ። ጃፓናዊው ሐኪም ሂራያማ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው ጥናት የአጫሾች ሚስቶች፣ ራሳቸው ሳያጨሱ፣ በሳንባ ካንሰር ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «የኔ ሳንባ» የሚለው ክርክር አንድ እግሩ ተሰበረ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2004 መጠጥ ቤቶቿን ሳይቀር ከጢስ ነፃ ስታደርግ ያነሣችው ምክንያት የጠጪው ጤና ሳይሆን የሠራተኛው ነበር። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. ግድም የተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ዐዋቂ ከመቶ 5 ብቻ መሆኑን፣ መጠጥ ቤት ከሚገቡት ግን ከመቶ 60 ያህሉ የሰው ጢስ እንደሚስቡ ያመለክታል። ጥቂቱ ያጨሳል፤ ብዙው ይስባል።

«ባለቤቲቱስ? በቤቷ የማዘዝ መብት የላትም ወይ?» የሚል ጓደኛ አለኝ፤ የሕግ ተማሪ ነው፤ ማታ ማታ በዚህ እንከራከራለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 በመረጡት ሥራ የመሰማራትን ነፃነት ይሰጣል ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ መብት ይሰጣል፤ ጓደኛዬ ይህቺን ገጽ መግለጥ አይወድም። ከዚያም በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1225 ላይ፣ ባለሀብት ከጥሩ ጉርብትና በላይ በሆነ ጢስ ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ይከለክላል። የዚያን ጊዜ ያሰቡት የወጥ ቤትና የፋብሪካ ጢስ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም «ቤቴ ነው» ማለት ጢሱን እንደማይጨምር በአማርኛ ከተጻፈ ቆይቷል።

እኔ እዚህ ላይ ወገን ይዣለሁ፦ በዝግ ቤት ውስጥ ያለው ክልከላ ልክ ነው። ልክ የሆነውም ሲጃራ ርኩስ ስለሆነ አይደለም። ሾፌሩ ውጭ ወጥቶ ቢያጨስ፣ ሽማግሌው ጥግ ይዞ ሱረቱን ቢስብ፣ ማንም የሚጠይቀው ነገር ሊኖር አይገባም። በዮሐንስ ሕግና በዛሬው ሕግ መካከል ያለው ድንበር ይኸው ነው፤ ድንበሩ ግን ቀጭን ነው።

ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ ለማየት ጓዳ እንግባ። በእኛ አገር ጫት የሚቃመው ብዙ ጊዜ በሰው መኖሪያ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው ፍራሽ የተነጠፈበት ክፍል። ለወዳጅ ሲሆን ዱዓ ተደርጎ የሚቃምበት የእንግዳ ቤት፤ ለአላፊ አግዳሚ ሲሆን ውኃና ሲጃራ የሚሸጥበት ንግድ። ምርቃና ሲመጣ ሲጃራ ይከተላል፤ መስኮቱ ደግሞ ዝግ ነው። ይህ ቤት መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ ቤት? እሑድ ንግድ ቤት፣ ሰኞ መኖሪያ ነው ብንልስ? ተቆጣጣሪ እዚያ ሲገባ የሚያየው ጢስ ብቻ አይደለም፤ የሰው እምነት፣ የሰው እንግዳ፣ የሰው አልጋ ያያል። በአዲስ አበባ ሺሻ ቤት ሲፈተሽ የተያዘው ዕቃ ተከምሮ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ወጣቶቹም ፊታቸውን ሸፍነው ሲሰለፉ አይተናል። እኔ እንዲህ ያለውን ሥዕል ባየሁ ቁጥር የማስበው የአስተናጋጇን ሳንባ አይደለም፤ ያን የጥንቱን አፍንጫ ነው። ጤናን ለመጠበቅ ጢሱን ማስወጣት ይበቃል፤ ሰውን ማሳየት ለምን ያስፈልጋል?

የሻይ ቤቱን መጨረሻ ልንገራችሁ። ሾፌሩ ተከራክሮ ሲያበቃ አስተናጋጇ ስኒውን ልታነሣ መጣችና ሳለች። ሆን ብላ አልነበረም። እሱ አያትና፣ «እሺ በቃ፣ እወጣለሁ» ብሎ ተነሣ። በሩ ላይ ቆመ። ባለቤቲቱ «አሥር ሜትር ነው የሚሉት» አለችው። እየሳቀ ርምጃውን እየቆጠረ ሄደ። የሰንበቴ ሱቆች ግን አስፋልቱን ይዘው ትከሻ ለትከሻ የተሠሩ ናቸው፤ አንድ፣ ሁለት እያለ አሥር ሲሞላ ራሱን ያገኘው ሌላ በር ላይ፣ ጫት በምትሸጥ ሴት ፊት ነበር። እሷም ሕፃን አዝላለች። ቀና ብላ አየችውና፣ «ወዲያ ሂድልኝ እንጂ ወንድሜ!» አለችው።

ሾፌሩ ሲጃራውን በጣቱ እንደያዘ፣ ግራ ቀኝ እያየ፣ ግመሎቹ እስኪያልፉለት ድረስ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ቀረ።