ፍሬን፦ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ትራሞች ልጓም

አማርኛችን ከጣሊያንኛ የወረሰው «ፍሬን» የሚለው ቃል በላቲን ሥሩ የፈረስ ልጓም ማለት ነው። ቃሉ ከፈረስ አፍ ወደ መንኮራኩር መሻገሩም ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በሐዲድ ላይ የሚሄደውን የሕዝብ ሠረገላ እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ይስቡት የነበሩት ፈረስና በቅሎ ናቸው። ሠረገላው ቀላል፣ እርምጃውም ዝግ ያለ ስለ ነበር፣ እሱን ለማቆም አንድ ጉልበተኛ ነጂና አንድ የእጅ ፍሬን ይበቁ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር በእንስሳው ቦታ በተተካ ጊዜ ግን የመሐንዲሶቹ ሐሳብ ሁሉ ያረፈው ሠረገላው እንዴት እንደሚሄድ ላይ እንጂ እንዴት እንደሚቆም ላይ አልነበረም ማለት ይቻላል። ፍሬኑ ከፈረሱ ዘመን እንዳለ ተወረሰ፤ የዚህም ውርስ ዋጋ ቆይቶ በሰው ሕይወት ተከፈለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1888 ፍራንክ ስፕሬግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሪችመንድ ከተማ የዘረጋው የኤሌክትሪክ ትራም መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ። ከዚያ በፊት በበርሊን አጠገብም ሆነ በሌሎች ቦታዎች የተሞከሩ መስመሮች ነበሩ። ሪችመንድን ልዩ ያደረጋት ግን 19 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመርና 40 ሠረገላዎች በአንድነት እንዲሠሩ መታቀዱ ነው፤ ከዚህም በላይ ከተማዪቱ በኮረብታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ በአንዳንድ ስፍራ በ100 ሜትር ርቀት 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ነበረባት። ስፕሬግ በኋላ ዘመን እንደ ተረከው፣ ከመክፈቻው በፊት በተደረገ የሌሊት ሙከራ ላይ ሠረገላው ዳገቱን እንደ ወጣ ሞተሩ ተበላሸ። መሐንዲሱም በዙሪያው የተሰበሰበው ሕዝብ ጉዱን እንዳያውቅበት ረዳቱን «መሣሪያ ይዘህ ና» ብሎ ላከውና መብራቱን አጥፍቶ በሠረገላው ወንበር ላይ ጋደም አለ። ሰዉ ከተበታተነ በኋላ በጨለማ ተነድተው የመጡት «መሣሪያዎች» አራት ጠንካራ በቅሎዎች ነበሩ።

ሞተሩን ለዳገት የማብቃቱ ትግል በዚህ ዓይነት ቀልድና ላብ ተፈታ። ስፕሬግ ለሞተሩ አሰቃቀል የሰጠው መፍትሔ፣ ይኸውም የሞተሩን ክብደት በከፊል በመንኮራኩሩ ዘንግ ላይ፣ በከፊል በሠረገላው አካል ላይ በስፕሪንግ ማሳረፉ፣ ዛሬም በመሐንዲስነት ትምህርት ቤት የሚጠቀስ ነው። ቁልቁለቱን ስለ መውረድ የተጻፈው ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

የእጅ ፍሬኑ አሠራር ቀላል ነበር። ነጂው በሚቆምበት የፊት መድረክ ላይ አንድ የቆመ የብረት ዘንግ አለ፤ በአናቱም እንደ ዝይ አንገት የታጠፈ እጀታ ተገጥሞበታል። እጀታው ሲዞር በዘንጉ ግርጌ ሰንሰለት ይጠመጠማል። ሰንሰለቱም ከሠረገላው ሆድ ሥር የተዘረጉትን ዘንጎችና መፈንቅሎች ይስባል፤ እነዚህ ደግሞ በየመንኮራኩሩ አጠገብ የተንጠለጠለውን የጊዛ ቁራጭ ከመንኮራኩሩ ክብ ፊት ጋር ያጣብቁታል። በዛሬው ጋራዥ ሸራ የሚሠራውን ሥራ ያኔ የሚሠራው ይህ የጊዛ ቁራጭ ነበር። ሰንሰለቱ ተመልሶ እንዳይፈታ በወለሉ ላይ ጥርሳም ቀለበትና በእግር የሚረገጥ መቀርቀሪያ ተተክሏል። መቀርቀሪያው ሲለቀቅ እጀታው በሰንሰለቱ ውጥረት ተወርውሮ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ እጁን በጊዜ ያላነሣ ነጂም ክንዱ ወይም የጎን አጥንቱ ሊሰበር ይችል ነበር። ነጂው በዝናብም በበረዶም በተገለጠ መድረክ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ የሞተሩን መቆጣጠሪያ፣ በሌላው የፍሬኑን እጀታ እያዞረ ሙሉ ቀን ሲሠራ መዋሉን ለሚያስብ፣ የዚያን ዘመን ቀጣሪዎች ለምን ትከሻ ሰፊ ሰው ይመርጡ እንደ ነበር ግልጽ ይሆንለታል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የእጀታው ክንድ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሰንሰለቱ የሚጠመጠምበት ዘንግ ደግሞ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 3 ሳንቲ ሜትር ነው ቢባል፣ የነጂው ጉልበት በ10 ይባዛል። ከወለሉ በታች ያሉት መፈንቅሎች በ12 ያባዙታል ቢባል ደግሞ በጠቅላላው በ120 ተባዛ ማለት ነው። ነጂው በ35 ኪሎ ግራም ኃይል ቢስብ 4200 ኪሎ ግራም ይገኛል። ከዚህ ውስጥ ሲሶው በዝገትና በመጋጠሚያዎቹ ሰበቃ ቢባክን ወደ መንኮራኩሮቹ የሚደርሰው 2800 ኪሎ ግራም ይሆናል። በጊዛውና በመንኮራኩሩ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን አንድ አምስተኛ ሲሆን፣ ሠረገላውን የሚገታው ኃይል 560 ኪሎ ግራም ነው። ይህ ኃይል ከነጭነቱ 7 ቶን የሚመዝነውንና በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ትንሽ ሠረገላ በሜዳ ላይ በ11 ሜትር ግድም ያቆመዋል። ሠረገላው አድጎ 12 ቶን፣ ፍጥነቱም 30 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን፣ ያው ነጂ በዚያው እጀታ ለማቆም ከ75 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ሰንሰለቱን ለመጠምጠም የሚባክነው ጊዜ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፤ በዚያ ፍጥነት እያንዳንዷ ሰከንድ ስምንት ሜትር ናት። በቁልቁለት ላይ ደግሞ 560 ኪሎ ግራም የ12 ቶኑን ሠረገላ ባለበት ለመያዝ የሚችለው ቁልቁለቱ በ100 ሜትር 5 ሜትር እስኪሞላ ድረስ እንኳ አይደለም። ኩባንያዎቹ ደንበኛ በበዛ ቁጥር ሠረገላውን ሲያስረዝሙና ፎቅ ሲደርቡበት የነጂው ክንድ አብሮ አላደገም።

ይህም ስሌት የሚሠራው ሁሉ ነገር በደንብ የተያዘ እንደ ሆነ ነው። ጊዛው በየቀኑ ይበላል፤ በተበላ ቁጥር በጊዛውና በመንኮራኩሩ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ክፍተቱ ሲሰፋ እጀታው ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ በመጨረሻም ሰንሰለቱ ተጠምጥሞ ሲያልቅ ጊዛው ገና መንኮራኩሩን በወጉ አልነካም። ስለዚህ የትራም ፍሬን እውነተኛ ጠባቂ ነጂው ሳይሆን ሌሊት በመጋዘኑ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ማስተካከያውን ብሎን የሚያጠብቀው ሠራተኛ ነበር። በአደጋ ምርመራ ወቅት ግን ብዙውን ጊዜ ስሙ የሚነሣው የነጂው ነው።

ከዚህ የሚከብደው ችግር ያለው ደግሞ በሐዲዱና በመንኮራኩሩ መገናኛ ላይ ነው። በ1878 እና በ1879 ካፒቴን ዳግላስ ጋልተን ከጆርጅ ዌስቲንግሐውስ ጋር በእንግሊዝ አገር፣ በለንደንና በብራይተን የባቡር መስመር ላይ ባደረጉት ሙከራ ሁለት ነገሮችን አረጋግጠው ነበር። አንደኛው፣ የጊዛ ሰበቃ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚቀንስ መሆኑ ነው፤ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ አራተኛ ግድም የነበረው በ96 ኪሎ ሜትር ላይ ከአንድ አሥረኛ በታች ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ታስሮ የሚንሸራተት መንኮራኩር እየዞረ ከሚገታ መንኮራኩር ይልቅ የማቆም ኃይሉ ያነሰ መሆኑ ነው። እንግዲህ ጥሩ ነጂ መጀመሪያ አጥብቆ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ቀስ በቀስ ማላላት አለበት ማለት ነው። የፈራ ሰው ተፈጥሮ የሚያዘው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሠረገላው አልቆም ባለው ቁጥር ይበልጥ ያጠብቃል፣ መንኮራኩሩም ይታሰርና በእርጥብ ሐዲድ ላይ እንደ በረዶ ሸርተቴ ይሄዳል። የታሰረው መንኮራኩር ጠፍጣፋ ቦታ ያወጣል፤ በማግስቱ ሠረገላው በየመንገዱ እየተንኳኳ ሲያልፍ ነዋሪው ሁሉ የትናንቱን ድንጋጤ ይሰማዋል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ከመንኮራኩሩ ፊት ደረቅ አሸዋ መርጨት ነበር፤ አሸዋውም ካልደረቀ ወይም ቧንቧው ከተደፈነ መድኃኒቱም የለም።

አደጋዎቹ ብዙ ሳይቆዩ መጡ። በኒው ዮርክ አጠገብ ባለችው በብሩክሊን ከ1892 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ትራም በተስፋፋ ጊዜ የተገጨው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ነዋሪዎቹ «ከትራም ሸሺዎች» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፤ ቅጽሉም በ1895 ግድም ለከተማዪቱ የቤዝቦል ቡድን መጠሪያ ሆነ። በዋሽንግተን ግዛት፣ በታኮማ ከተማ ጁላይ 4 ቀን 1900 የበዓል ተመልካቾችን ከመጠን በላይ የጫነ ትራም በቁልቁለት ላይ ከነጂው ቁጥጥር ወጥቶ፣ ጠመዝማዛው ላይ ካለው የእንጨት ድልድይ ወደ ገደል ወደቀና 43 ሰዎች ሞቱ። አጣሪው ጉባኤ ነጂውን በፍጥነቱ ሲወቅስ ኩባንያውንም በመስመሩ አደገኛነት ወቅሷል። በዚያ ዘመን ለድርጅት ይህን ያህል በግልጽ መናገር የተለመደ አልነበረም፤ የፍርዱ ሁለተኛው ክፍል ከፊተኛው የበለጠ ክብደት ያለው መሆኑም አያጠራጥርም።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ታየ፤ ምክንያቱም በዚያ ባለ ፎቅ ሠረገላ በጠባብ ሐዲድ ላይ መንዳት የተለመደ ነበር። ጁን 1 ቀን 1906 በስዊንደን ከተማ ከእርሻ ትርኢት ተመላሾችን አጨናንቆ የጫነ ትራም በቪክቶሪያ ጎዳና ቁልቁለት ፍሬኑ አልይዝ ብሎ ተገለበጠና አምስት ሰዎች ሞቱ። ኦክቶበር 15 ቀን 1907 ደግሞ በሃሊፋክስ ከተማ፣ ፓይ ኔስት በተባለው ዳገት፣ ሽቅብ ይወጣ የነበረ ሠረገላ ኃይል አጥቶ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ በዚያም አምስት ሰዎች ሞቱ። የሐዲዱ ስፋት 1067 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ላስታወሰ መገልበጡ አያስገርምም። ከሁሉ የከፋው ኦገስት 19 ቀን 1917 በዶቨር የደረሰው ነው፤ ከልክ በላይ የተጫነው ትራም በክራብል መንገድ ቁልቁለት አምልጦ ሲገለበጥ 11 ሰዎች አለቁ።

የእንግሊዝ የንግድ ቦርድ መርማሪዎች ከእንዲህ ያለው አደጋ በኋላ አጥብቀው የጠየቁት፣ በቁልቁለት አናት ላይ ትራሙ የግድ እንዲቆም፣ ፍጥነቱም እንዲወሰን፣ ከሁሉም በላይ በመንኮራኩሩ ላይ የማይመካ ሌላ ፍሬን እንዲኖር ነው። የዚህ የመጨረሻው ሐሳብ መነሻ ከኤሌክትሪኩ ይቀድማል። በሳን ፍራንሲስኮ ከ1873 ጀምሮ በገመድ የሚጎተቱት ሠረገላዎች በሁለቱ መንኮራኩሮች መካከል የእንጨት ግንድ ተሸክመው፣ ነጂው ማንሻውን ሲስብ ግንዱ በቀጥታ በሐዲዱ ላይ ይጫናል። እንጨቱ በጥቂት ቀን ተበልቶ ያልቅና ይለወጣል፤ አሠራሩ ዛሬም በዚያች ከተማ አልተቀየረም። የእንግሊዞቹ የትራም መሐንዲሶችም ይህንኑ በእንጨት ወይም በብረት ሠርተው፣ በመሪ ዓይነት ክብ እጀታ እየተጠመዘዘ እንዲወርድ አደረጉ። ጉዳቱ ሠረገላውን ከሐዲዱ እያነሣ ከመንኮራኩሮቹ ላይ ክብደት መቀነሱ ነበር፤ አንዱ ፍሬን ሲበረታ ሌላው ይደክማል።

ሁለት ፈጠራዎች የነጂውን ክንድ አሳረፉ። የመጀመሪያው አየር ነው። ዌስቲንግሐውስ የአየር ፍሬኑን ለባቡር በ1869 ቢያስመዘግብም፣ ትራም ግን አየሩን የሚጨምቅ የእንፋሎት ሞተር የለውም። በሚልዋኪ ከተማ ይሠራ የነበረው በትውልዱ ዴንማርካዊ የሆነው ኒልስ ክሪስቴንሰን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር መጭመቂያ ሠርቶ ችግሩን ካቃለሉት አንዱ ነው፤ ይኸው ሰው በስተርጅና የፈለሰፈው ክብ የጎማ ቀለበት ዛሬ በየመኪናው ውስጥ ዘይት እንዳያፈስ ይከላከላል። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በሳንቲ ሜትር ካሬ 3.5 ኪሎ ግራም ግፊት ሲገባበት ፒስቶኑ ከ1000 ኪሎ ግራም በላይ ይገፋል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ነጂው በሰንሰለቱ ላይ የሚያሳርፈው 350 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር። እጀታው ስትነካ ኃይሉ ወዲያውኑ ይደርሳል፣ ሲፈለግም በልክ ይቀነሳል፤ ጋልተን የጠየቀው ማላላት የተቻለው አሁን ነው። ያም ሆኖ መጭመቂያውና ጥገናው ገንዘብ ስለሚጠይቁ ብዙ ኩባንያዎች ለዓመታት አመነቱ።

ሁለተኛው በመግነጢስ ወደ ሐዲዱ የሚሳበው የብረት ፍሬን ነው። በዚህ ረገድ የታወቀው የኒዌል ፍሬን የሠረገላው ሞተሮች ራሳቸው ሲዞሩ የሚያመነጩትን ኤሌክትሪክ ስለሚጠቀም፣ ከላይ ያለው ሽቦ ቢበጠስ እንኳ ይሠራል። መግነጢሱ ሐዲዱን ጨብጦ ሲጎተት የመጎተቱ ኃይል በመፈንቅል ተላልፎ የመንኮራኩሩንም ጊዛ ያጠብቃል። ከእንጨቱ ፍሬን በተቃራኒ ሠረገላውን አያነሣም፤ ይልቁን ወደ ታች ይስበዋል። አንድ ድካም ግን አለበት፤ ሠረገላው ሲቆም ሞተሩ ማመንጨቱን ያቆማል፤ በቁልቁለት ላይ የቆመውን ሠረገላ የሚይዘው እንደገና ያው የእጅ ፍሬን ነው።

ከ1915 በኋላ ቻርለስ በርኒ የነደፈው ቀላል ሠረገላ ሲመጣ የነጂው መዘንጋትም ታሰበበት። ነጂው እጁን ከመቆጣጠሪያው ካነሣ ኃይሉ ይቋረጣል፣ የአየር ፍሬኑም በራሱ ይይዛል። ኩባንያዎቹ ይህን የወደዱት ትራሙን ያለ ትኬት ቆራጭ በአንድ ሰው ለማስነዳት ስለፈቀደላቸው ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የእጅ ፍሬኑ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በሊዝበን ከተማ በ28ኛው መስመር በሚሠሩት አሮጌ ትራሞች ውስጥ በነጂው ፊት የነሐስ መልክ ያለው ክብ እጀታ ይታያል፤ ጎብኚው ለጌጥ የተተወ ይመስለዋል እንጂ ከወለሉ በታች ካለው ፍሬን ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው ከተማ በ1885 የተከፈተው፣ በኋላም ወደ ኤሌክትሪክ የተዛወረው የግሎሪያ ቁልቁለት ሠረገላ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 ሁለቱን ሠረገላዎች የሚያገናኘው ገመድ ከመያዣው ተላቅቆ ወረደና 16 ሰዎች ሞቱ። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንደሚለው ነጂው የአየሩንም የእጁንም ፍሬን ስቧል። ሁለቱም ግን ገመድ የሌለውን ሠረገላ በዚያ ቁልቁለት ለማቆም የሚያስችል አቅም አልነበራቸውም።