ከጅዳ እስከ መካ፦ የግመል ነጂው ሙያና የሕፃናት ሙዚየም

በቀይ ባሕር ዳርቻ ከምትገኘው ጅዳ እስከ መካ ያለው ርቀት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አገልግሎት የጀመረው የሐረማይን ፈጣን ባቡር ይህን መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያጠናቅቀዋል። መኪና ወደ ሂጃዝ ከመግባቱ በፊት ግን ጉዞው በግመል ሁለት ሌሊት ይፈጅ ነበር። በመርከብ የመጣው ሐጃጅም ሆነ ከወደቡ የተራገፈው እህልና ቡና መካ የሚደርሰው በአንድ ባለሙያ እጅ ነበር። ይህ ባለሙያ በዓረብኛ «ጀማል» («ማ» ጠብቆ ይነበባል) የሚባለው ግመል ነጂ ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ተጓዥ ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት እ.ኤ.አ. በ1814 በሂጃዝ ሳለ የመንገዱን አሠራር በዝርዝር መዝግቧል። እርሱ እንደጻፈው፣ የግመል ሲራራ በየምሽቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከጅዳ ይነሣ ነበር። ሲራራው ሌሊቱን ይጓዝና ቀኑን በመንገዱ እኩሌታ ላይ በምትገኘው ሐዳ ያርፋል፤ በሁለተኛው ሌሊት መካ ይገባል። ቀላል ጭነት የያዙ አህዮች ደግሞ አመሻሽ ላይ ተነሥተው በዐሥራ አምስት ወይም በዐሥራ ስድስት ሰዓት ጉዞ በማግስቱ መካ ይደርሱ ነበር። የሁለቱ ከተሞች ደብዳቤም የሚላከው በእነዚሁ አህዮች ነበር። በሌሊት መጓዝ የግድ የሆነው በቆላው ሙቀት ምክንያት ነው።

የግመል ነጂው ሙያ በገመድ ይጀምራል። ግመሏ ከተንበረከከች በኋላ እንዳትነሣ የፊት እግሯ ጉልበቱ ላይ ታጥፎ የሚታሰርበት ገመድ «ዒቃል» ይባላል። የሳውዲ ወንዶች በራስ መሸፈኛቸው ላይ የሚደርቡት ጥቁር ክብ ገመድም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ከአንድ ሥር የወጣው «ዐቅል» የተሰኘው ቃል ደግሞ ወደ አማርኛ ገብቶ «አቅሉን ሳተ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ይኖራል።

ከማሰር ይልቅ የሚከብደው ጭነትን ማመጣጠን ነው። በግራና በቀኝ የሚንጠለጠለው ጭነት እኩል ካልመዘነ የግመሏን ጀርባ ይልጣል፣ በጨለማም ሲራራውን ሁሉ ያስቆማል። ሐጃጆችን ለማጓጓዝ «ሽቅዱፍ» የተባለ፣ በግመሏ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ባለ ሁለት ክፍል መቀመጫ ነበር። በዚህ መቀመጫ መንገደኞቹ ራሳቸው የሚዛን ድንጋዮች ስለሚሆኑ፣ ነጂው ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ በዐይኑ ለክቶ ይወስናል። ከዳሎል ጨው በግመል የሚያወጣው የአፋር ነጋዴና መጫኛ ጠፍሮ የሚያውቅ የአገራችን ገበሬ ይህን ጥበብ ያለ ማብራሪያ ይረዱታል።

ሌላው መሣሪያ ድምፅ ነው። ግመሎችን በዜማና በምልክት የመጥራት ልማድ «ሑዳእ» ይባላል። ሳውዲ ዓረቢያ፣ ኦማንና የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በጋራ አቅርበውት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በዚህ ጥሪ የሠለጠነች ግመል ግራንና ቀኝን ትለያለች፣ ስትጠየቅ አፏን ትከፍታለች፣ ለመጋለብም ትንበረከካለች። እረኞች መንጋቸውን ማን ፈጥኖ እንደሚሰበስብ ይወዳደሩበታል። ልማዱ የሚተላለፈው በመጽሐፍ አይደለም፤ ልጆች ከአዋቂዎች ጋር ወደ ግጦሽ እየወረዱ በመስማትና በመሞከር ይማሩታል። ነቢዩ ሙሐመድ በልጅነታቸው የመካን ሰዎች በጎች ይጠብቁ እንደነበር በእስልምና ትውፊት ስለሚነገር፣ እረኝነት በአካባቢው የክብር ስፍራ አለው።

ችግሩ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በጅዳ ፎቅ ላይ የሚያድግ ሕፃን ወደ ግጦሽ አይወርድም። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ገመድ ደግሞ ገመድ ከመሆን ያለፈ ነገር አይነግረውም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው አሠራር በሌላ አገር የተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የተከፈተው የብሩክሊን የሕፃናት ሙዚየም በዓይነቱ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። በ1960ዎቹ የቦስተን የሕፃናት ሙዚየም «አትንኩ» የሚለውን ሕግ ገልብጦ ሕፃናት ዕቃውን እየነኩ እንዲማሩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው የኦክላሆማ ከተማ ብሔራዊ የካውቦይ ሙዚየምም የእረኛውን ኑሮ በጨዋታ የሚያሳይ የሕፃናት ክፍል አዘጋጅቶ ነበር። ከቴክሳስ ከብት የሚነዳው ካውቦይ ዋና ዘመን ከሃያ ዓመት ብዙም አልዘለቀም፤ ሆኖም በዓለም ያለ ሕፃን ሁሉ ባርኔጣውን ያውቀዋል። ለዚህ ሲኒማ ትልቁን ድርሻ ቢወስድም ሙዚየሞቹም አግዘውታል። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሠራው የሂጃዝ ግመል ነጂ ይህን ዕድል አላገኘም።

ሁለቱ እረኞች አንድ ጊዜ መገናኘታቸው ብዙም አይነገርም። የአሜሪካ ጦር ለበረሃ ማጓጓዣ የገዛቸው ግመሎች እ.ኤ.አ. በ1856 ቴክሳስ ሲደርሱ፣ አብሯቸው ከመጡት ነጂዎች አንዱ ሐጂ ዓሊ ይባል ነበር። ስሙን መጥራት ያስቸገራቸው አሜሪካውያን «ሃይ ጆሊ» አሉት። «ሐጂ» የሚለው ማዕረግ መካን መሳለሙን ያመለክታል። በ1902 በአሪዞና አረፈ፤ በመቃብሩ ላይ የቆመው ሐውልት ጫፉ ላይ ግመል ተቀርጾበታል።

በሂጃዝ ለእንዲህ ያለ የሕፃናት ትርኢት ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክብደታቸው የተለያየ ሁለት ስልቻዎች፣ የእንጨት ኮርቻ፣ መጫኛ፣ በሁለት ሕፃናት ክብደት የሚመዛዘን ሽቅዱፍና ሑዳእን የሚያሰማ አንድ አዛውንት እረኛ ይበቃሉ። ሳውዲ ዓረቢያ 2024ን የግመል ዓመት ብላ ማክበሯ ፍላጎቱ እንዳለ ያሳያል።

ስፍራም አይጠፋም። «የመካ በር» በሚል ስያሜ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጅዳ አሮጌ ከተማ፣ በ1881 ተሠርቶ የተጠናቀቀው የናሲፍ ቤት ይገኛል። ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ በ1925 ጅዳ ሲገቡ ያረፉት በዚህ ቤት ነው። ደረጃው እጅግ ሰፊ ሲሆን እርከኖቹም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ እንዲህ የተሠራው ጭነት የተሸከሙ ግመሎች በላይኛው ፎቅ እስካለው ወጥ ቤት ድረስ እንዲወጡ ታስቦ እንደሆነ ይነገራል። ለአጭር የሕፃን እግርም የሚመች ደረጃ ነው።