ቁጢጥ የሚሉት ልጆች

ልጁ ጥቂት ይራመዳል። ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል። ከዚያ ማንም ሳያዘው ጉልበቱን አጥፎ ቁጢጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይነሳና መንገዱን ይቀጥላል። ለማያውቅ ሰው ጨዋታ ወይም ስንፍና ይመስላል። ለሚያውቅ ግን ልጁ የልቡን ችግር በአቀማመጡ እየተናገረ ነው።

የበሽተኛን አኳኋን ማንበብ የቆየ ሙያ ነው። በሂፖክራተስ ስም የሚታወቀው፣ ስለ በሽታ ትንበያ የተጻፈው የጥንት ግሪኮች መጽሐፍ ሐኪሙ በሽተኛው እንዴት እንደተኛ እንዲያይ ይመክራል። በጎኑ ተኝቶ እጅና እግሩን ቀለል አድርጎ ያጠፈ ደህና ነው። በጀርባው ተዘርግቶ ወደ ግርጌ የሚንሸራተት ያሰጋል። ሕመሙ ጠንቶበት ሳለ "ካልተቀመጥኩ" ማለቱ፣ በተለይ ሳንባው ከታመመ፣ ክፉ ምልክት ነው። (ልቡ የደከመ ዘመዱ ትራስ ደራርቦ ቁጭ ብሎ ሲያድር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት የሕክምና ትምህርት አያስፈልገውም።)

ወደ ልጆቹ ልመለስ። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስን የሕፃናት ልብ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1930 የተረከበችው ሄለን ታውሲግ ጆሮዋ እየደከመ የሄደ ሐኪም ነበረች። የልብ ሐኪም ያለ ጆሮ! ማዳመጫው ሲያስቸግራት መዳፏን በልጆቹ ደረት ላይ አሳርፋ የልብን እንቅስቃሴና ንዝረት መለየት ተማረች። የራጅ መሣሪያም ትጠቀም ስለነበር ነገሩ በእጅ ብቻ የተሠራ ተአምር አይደለም። ዋናው ግን ታይ ነበር። "ሰማያዊ ሕፃናት" ከሚባሉት ብዙዎቹ ፈረንሳዊው ፋሎ በ1888 የገለጸው የአራት ጉድለቶች ጥምር የነበረባቸው ናቸው፤ ሲደክማቸው ቁጢጥ የሚሉትም እነሱ ናቸው።

በዚህ በሽታ ከልብ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው። በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ደግሞ ቀዳዳ አለ። ስለዚህ ኦክስጅን ያላገኘ ደም ሳንባን ትቶ በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ሰውነት ይሄዳል። ልጁ ቁጢጥ ሲል የእግሩ ደም ሥሮች ይታጠፋሉ፤ ወደ ሰውነት የሚወስደው መንገድ ይከብዳል፤ ከደሙም የተሻለ ድርሻ ወደ ሳንባ ያልፋል። ይህን ማንም አላስተማረውም።

ታውሲግ ሌላም ነገር አየች። ዋናውን ደም ቅዳ ከሳንባው ደም ቅዳ ጋር የሚያገናኝ፣ ከልደት በኋላ የሚዘጋ ቧንቧ አለ። ቧንቧው ሳይዘጋ የቆየላቸው ሕፃናት ይሻላቸዋል፤ ሲዘጋ ይብስባቸዋል። ታዲያ ሰው ሠራሽ መንገድ ቢከፈትላቸውስ? ሐሳቡን ለቀዶ ሐኪሙ አልፍሬድ ብላሎክ አቀረበች። በውሾች ላይ ሞክሮ ዘዴውን ያበጀው ግን ቪቪየን ቶማስ ነው፤ ዲግሪ የሌለው፣ በደመወዝ መዝገብ በጽዳት ሠራተኛ ደረጃ የተመደበ ጥቁር አሜሪካዊ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1944 ለአንዲት የ15 ወር ሕፃን ቀዶ ሕክምናው ሲደረግላት ቶማስ ከብላሎክ ጀርባ በርጩማ ላይ ቆሞ ይመራው ነበር። ሕፃኗ ለጊዜው ተሻላት፤ ከወራት በኋላ ግን ሞተች። ሦስተኛው ታካሚ፣ የ6 ዓመት ልጅ፣ ገና ከጠረጴዛው ሳይነሳ ከንፈሩ ቀላ። በ1945 በታተመው ጽሑፍ ላይ የብላሎክና የታውሲግ ስም አለ፤ የቶማስ የለም።

ዛሬ በሀብታም አገሮች ቀዶ ሕክምናው በሕፃንነት ስለሚደረግ ቁጢጥ የሚል ልጅ ብርቅ ሆኗል። እኛ ዘንድ የሕፃናት ልብ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ምልክቱ ገና ታሪክ አልሆነም። ችግሩ፣ ቁጢጥ ማለት በአገራችን ማንም የሚቀመጠው አቀማመጥ ነው፤ ማን ልብ ይለዋል? ስለዚህ የጤና ጣቢያው ነርስም ሆነ ሐኪሙ፣ ወረፋው በር ድረስ ቢሰለፍም፣ እናትን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ እላለሁ፦ "ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ እሱ ብቻ እያቋረጠ ቁጢጥ ይላል?" መልሱ "አዎ" ከሆነና ከንፈሩም ከጠቆረ፣ ልጁ የልብ አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል መላክ አለበት።

ሕፃኑ በድንገት ሰማያዊ ሆኖ ትንፋሽ ሲያጥረው ለእናቱ የሚነገራት የመጀመሪያ ነገርም አልተለወጠም፦ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፈሽ እቀፊው፣ ፈጥነሽም ወደ ሐኪም አምጪው።