ቀላድና ብዕር፤ የመሬት ጸሐፊዎች አቀጣጠር በአገራችን

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ስለ መሬት ታሪክ ሲነገር መኳንንቱና ገበሬው ይነሣሉ እንጂ ስማቸውን በመዝገብ ያሰፈረው ጸሐፊ እምብዛም አይታወስም። ስለዚህ ጸሐፊው ከወዴት እንደ መጣና እንዴት ይቀጠር እንደ ነበረ በአጭሩ እንመልከት።

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በሸዋና በደቡብ መሬት በቀላድ ይለካ ጀመር። ቀላድ የመለኪያ ገመድ ነው፤ ልኩም በጋሻ ይቆጠራል፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ቀላድ ጣዩ ሲለካ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል። ጽሕፈት የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበርና ጸሐፊዎቹ በብዛት ከዚያው የወጡ ነበሩ። ሥራውም የሚገኘው በፈተና ሳይሆን ደጅ በመጥናት ነበረ። ብዙዎቹ በገንዘብ ፈንታ የማደሪያ መሬት ይሰጣቸው ነበር፤ መሬት የሚጽፈው ሰው ራሱ በመሬት ይከፈለው ነበር ማለት ነው።

በ1900 ዓ.ም. ሚኒስቴሮች ሲቋቋሙ ጸሐፊ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፍተው ለመንግሥት ሥራ የሚሆኑ ወጣቶችን አፈሩ።

የጸሐፊው ብዕር ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበር የ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ያሳያል። በሸዋ አንድ ጋሻ «ለም» ከተባለ 15 ብር፤ «ለም ጠፍ» ከተባለ 10 ብር፤ «ጠፍ» ከተባለ 5 ብር ይከፈልበት ነበር፤ አሥራቱ ሳይቆጠር ነው። በመዝገብ የገባች አንዲት ቃል ግብሩን ሦስት እጥፍ ታደርገዋለች። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ግን የተጻፈበትን አንብቦ ሊከራከር አይችልም ነበር።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። በአየርላንድም እ.ኤ.አ. በ1881 የመሬት ኮሚሽን ተቋቁሞ የጭሰኛውን ኪራይ ይወስን ጀመር። የብሪታንያ መንግሥት ከዚያ በፊት በ1870 ለብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ በውድድር ፈተና እንዲመረጥ ደንግጎ ነበር። በአገራችን የሠራተኛ አቀጣጠር በችሎታ እንዲሆን የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተመሠረተ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን አሮጌው መዝገብ ዋጋ አጣ። በዚያ ጊዜ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገበሬ ማኅበራትን በማደራጀት ረዱ። ቀድሞ በደጅ ጥናት ይገኝ የነበረው ብዕር በተማሪ እጅ ገባ።

ዛሬ ፋብሪካና ቤት የሞላባት አቃቂ ቃሊቲ ቀድሞ የእርሻ አገር ነበረች። ወላጆቻችን በሣጥን ቆልፈው የሚያኖሩትም የይዞታ ወረቀት የአንድ ጸሐፊ ሥራ ነው። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ነገ በመዝገብ ፊት ስንቀመጥ፤ የምንጽፈው ቃል የሰው እንጀራ መሆኑን አንርሳ።