ከወፍ በሽታ እስከ ቴኖፎቪር

ደብረ ታቦር ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን አጼ ቴዎድሮስ፣ ጋፋትና ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ዛሬ መድፉን እዚያው እናቆየውና ከዚያው አገር ተነስተን ስለ ሌላ ታሪክ እናውራ፤ ስለ ጉበት መድኃኒት። (ቀድመን እንናገር፦ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ከፋርጣ እስከ ጋይንት፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው "የወፍ በሽታ ይዞታል" ይባላል። ወፏ የሌሊት ወፍ መሆኗ ነው፤ ሽንቷ ነክቶት ነው ይባላል። መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። ሰንሰል ወይም ስሚዛ የምንለው ቅጠል ተወቅጦ ይጠጣል፤ የእንዶድ ሥር የሚያዝም አለ። እንዶድ ማለት እንግዲህ እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት፣ ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት ተክል ነው። ይህ ነገር በታመመ ጉበት ላይ ልኩን ቢያልፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

ግን የድሮዎቹን ለመናቅ አንቸኩል። መድኃኒት ጠንቅ እንዳለው አሳምረው ያውቁ ነበር። ኮሶ ልኩ ካለፈ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ ሰውም እንደሚገድል የታወቀ ነው። ቋንቋችንም ቢሆን ይመሰክራል፤ አይጥ የሚፈጀውን መርዝ "የአይጥ መድኃኒት" ነው የምንለው። ችግሩ ሌላ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በጉልምስና የያዘው ሰው ከሃያ አሥራ ዘጠኙን ጊዜ ያህል በራሱ ይድናል። ታዲያ ሰንሰል ጠጥቶ ከዳነ ምስጋናው ለሰንሰል ይሆናል። በሕፃንነቱ የያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን ይዞት ያድጋል፤ ዓይኑ ቢጫ ሳይሆን፣ ሳያመው፣ ጉበቱ ቀስ በቀስ እየጠነከረ። ለዚህኛው የሚሆን መድኃኒት በጓሮም በከተማም አልነበረም።

የሌሊት ወፏን ከክስ ነፃ ያወጣት ባሩክ ብሉምበርግ የተባለ አሜሪካዊ ነው ማለት ይቻላል። በ1965 ከአንድ አውስትራሊያዊ ደም ውስጥ ያገኘው እንግዳ ነገር ኋላ ላይ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ምልክት ሆኖ ተገኘ፤ በ1976 ኖቤል አሸለመው። ሄፓታይተስ ሲ የታወቀው በ1989 ነው። ጠላቱ ከታወቀ ዘንዳ መድኃኒት ፍለጋው ተጀመረ፤ የእኛም ታሪክ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ኢንተርፌሮን ነበር። አሜሪካ ለሲ በ1991፣ ለቢ በ1992 ፈቀደችው። በመርፌ፣ ለወራት ይወሰዳል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፣ ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል፣ አንዳንዱን ደግሞ ለከባድ ድብርት ይዳርጋል። ለሲ አብሮት የሚሰጠው ሪባቪሪን በበኩሉ ደም ማነስ ያስከትላል፣ ጽንስ ይጎዳል። በዚያ ላይ ማቀዝቀዣ፣ ተደጋጋሚ የደም ምርመራና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ከጉና ግርጌ የሚኖር ገበሬ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?

በ1993 ደግሞ የባሰው መጣ። ፊያሉሪዲን የተባለ እንክብል በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ለ15 የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ተሰጠ። በአጭር ጊዜ ሙከራ ቫይረሱን ድራሹን አጥፍቶ ስለነበር ተስፋው ትልቅ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን የሰባቱ ጉበት ከዳቸው። አምስቱ ሞቱ፤ ሁለቱ የተረፉት ጉበት ተተክቶላቸው ነው። መድኃኒቱ የሴሎችን ኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያን፣ ቀስ በቀስ ሲያበላሽ ከርሞ ኖሯል። ጉዳቱ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላም አልቆመም። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፦ በአጭር ጊዜ ደህና የመሰለ እንክብል በረጅም ጊዜ ሊገድል ይችላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለስለስ ያሉ ናቸው። ላሚቩዲን በ1998 ተፈቀደ፤ ሰውነት ይቀበለዋል፣ ነገር ግን ቫይረሱ ይለምደዋል። በ2008 ለሄፓታይተስ ቢ የተፈቀደው ቴኖፎቪር ግን እስካሁን ቫይረሱ እምብዛም አልተላመደውም። ጠንቁ ኩላሊትና አጥንት ላይ ነው፤ ስለዚህ የደም ክሬያቲኒን እየታየ ይወሰዳል።

እናላችሁ፣ ይህ ቴኖፎቪር አገራችን የገባው በሌላ በር ነው፤ በኤችአይቪ በር። የኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 በነፃ መሰጠት ከተጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቴኖፎቪር ከዋናዎቹ አንዱ ሆነ። ሁለቱም ቫይረስ ያለበት ሰው በአንድ እንክብል ጉበቱንም አተረፈ። ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለበት ግን ያው መድኃኒት እያለ በነፃው ፕሮግራም ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ይህን የቀየረው ጅማሬ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በ2015 ነበር። ዶክተር ኃይለሚካኤል ደሳለኝና የኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ከ1,300 በላይ ሰዎችን መዝግበው መከታተል ጀመሩ፤ አንድ አራተኛ ለሚሆኑት ቴኖፎቪር ሰጡ። መድኃኒቱ እዚህም እንደሚሠራ ታየ። ጉበታቸው ካለቀ በኋላ ከመጡት ግን ብዙዎቹን ሞት ቀደማቸው።

ለሄፓታይተስ ሲም በ2013 ሶፎስቡቪር መጣ፤ በወራት ውስጥ የሚያድን እንክብል። እሱም በ2016 ማስጠንቀቂያ ተለጠፈበት፤ ሲ ሲጠፋ አብሮ የተኛው ቢ ሊነሳ ይችላልና፣ አስቀድሞ ሳይመረመሩ አይወሰድም።

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። የቴኖፎቪር ትልቁ አደጋ ከኩላሊቱ ይልቅ መቋረጡ ነው ብንል አልተጋነነም። በድንገት ሲቆም ቫይረሱ ያገረሽና ጉበቱን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ጉበቱ አስቀድሞ የተጎዳ ሰው ሊሞት ይችላል። በኦገስት 2021 የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀን ያህል በያዙ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በኦገስት 2023 በክልሉ የተነሳው ጦርነትም መንገዱን ደጋግሞ ዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ እንክብሉም ይዘጋል። በፊያሉሪዲን ጊዜ የገደለው መድኃኒቱ ነበር፤ እዚህ ደግሞ የመድኃኒቱ መጥፋት ይገድላል። የመድኃኒት ደህንነት ስንል መንገዱን፣ ላቦራቶሪውንና የሚከታተለውን ነርስ ጭምር ማለታችን ነው።

ከተሜው አንባቢ "ይሄ የገጠር ነገር ነው" እንዳይል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ የዓለምን የሄፓታይተስ ቢና ሲ ሸክም ሁለት ሦስተኛ ከተሸከሙት አሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የቢ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ብዙው ሰው ቫይረሱ እንዳለበት የሚያውቀው ደም ሲለግስ ወይም ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ሲመረመር ነው። ያን ቀን ወረቀቱን ቀዶ ሰንሰል ፍለጋ ከመሄድ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይሻላል። መድኃኒት ከተጀመረም ሐኪም አቁም ሳይል፣ "ተሽሎኛል" ብሎ ማቆም የለም።