ማስታመም በካንሰር ሕክምና ዘመን
ማስታመም፣ ማለትም ታማሚን ከአጠገቡ ሳይለዩ መመገብ፣ ማጠብና ማጫወት፣ በኢትዮጵያ ከዘመናዊ ሆስፒታል በፊት የቤተሰብ ግዴታ ሆኖ የኖረ ልማድ ሲሆን፣ ሆስፒታሎች ሲስፋፉም አስታማሚው አጥሚቱን በፔርሙስ፣ ምግቡን በምሳ ዕቃ ይዞ ተከትሎ ገብቷል። ልማዱን አብዝቶ የፈተነው የካንሰር ሕክምና ነው፤ ኮባልት 60 ከተባለው ንጥረ ነገር በሚወጣ ጨረር ዕጢን የማከም አገልግሎት ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣ ወላጅ ተራው እስኪደርስ በዘመድ ቤት ይሰነብት፣ ልጆችም ገንዘብ አዋጥተው በፈረቃ ያስታምሙት ነበር።

በዚህ ድካም ውስጥ ጨዋታ የያዘው ስፍራ ከምግቡ አያንስም። ኬሞቴራፒ፣ ማለትም በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን የሚያጠፋው መድኃኒት፣ የፀጉርንም ሥር ስለሚጎዳ፣ ራሱ የተመለጠ አባት «የፀጉር ቤት ወጪ ቀረልኝ» ብሎ ልጆቹን ቢያስቅ፣ አጽናኙ እርሱ ይሆናል። ቤተሰብ የበሽታውን ስም ከታማሚው መሰወሩ የተለመደ በመሆኑም፣ እንዲህ ያለው ቀልድ ወላጁ ሁሉን እንደሚያውቅ ማንንም ሳያስጨንቅ የሚገልጽበት፣ ክብር የሚገባው ጥበብ ነው።