ናይል ሲለካ፣ ናይል ሲገደብ



በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ ናይል ወንዝ እናወጋለን። ናይል ለሙስሊም ጆሮ እንግዳ ስም አይደለም። ስለ ሚዕራጅ ሌሊት በሚተርከው፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ከኤፍራጥስ ጋር ስሙ ተነስቷል። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ሰዎች በየዘመኑ ይህን ወንዝ ለምን እንደተገለገሉበት፣ አገልግሎቱ ሲለወጥም ማን እንደተጠቀመና ማን እንደተጎዳ ነው።

ግብጽ ዝናብ የላትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጥንት ግብጻውያን እንጀራ የተንጠለጠለው በክረምት ወራት በኛ ደጋ ላይ በሚጥለው ዝናብ ነበር። አባይና ተከዜ ሞልተው፣ ጥቁሩን አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ግብጽም ትጥለቀለቃለች። ገበሬዎቹ ማሳቸውን በአፈር ክትር ከፋፍለው የሙላቱን ውሃ ወደ ውስጥ ያስገቡና ከ40 እስከ 60 ቀን ያህል ያቆዩታል። መሬቱ ሲጠግብ ውሃውን ይለቁታል፤ በቀረው ጭቃ ላይ ስንዴና ገብስ ይዘራሉ። ማዳበሪያ መግዛት የለ፣ ማሳ ማሳደር የለ፤ ደለሉ በየዓመቱ ያድሰዋል።

ወንዙ መንገድም ነበር። ውሃው ወደ ሰሜን ይፈስሳል፤ ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ወደ ታች የሚሄድ በውሃው ግፊት፣ ወደ ላይ የሚሄድ በሸራ መጓዝ ይችላል። ከአስዋን የተፈለጡት ግዙፍ ድንጋዮች እስከ ጊዛ ፒራሚዶች የደረሱት በዚሁ መንገድ ነው።

ግብጽ በዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) እጅ ከተከፈተች በኋላ ለወንዙ አንድ ትልቅ አገልግሎት ተጨመረለት። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ639) ሒጃዝን የመታው ድርቅ “ዓመል ረማዳ”፣ የአመድ ዓመት ተብሎ ይታወቃል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ትእዛዝ ዐምር ናይልን ከቀይ ባሕር ጋር ያገናኝ የነበረውን፣ በደለል የተደፈነውን ጥንታዊ ቦይ አስጠረጉት። “የአሚረል ሙእሚኒን ቦይ” የሚል ስምም ወጣለት። የግብጽ እህል በመርከብ ወደ ቁልዙም፣ ከዚያም ወደ መዲና ወደብ ወደ አል-ጃር ይጫን ጀመር። ነገር ግን ይኸው ቦይ ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ነገር ሆነ። መዲና ውስጥ አመጽ በተነሳ ጊዜ ዐባሲው ኸሊፋ አል-መንሱር ለከተማይቱ እህል እንዳይደርስ ቦዩን እንዳዘጉት ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። የተራበን ሊያበላ የተጠረገ ቦይ ለማስራብ ተዘጋ ማለት ነው።

(ዑመር ለናይል ጻፉት ስለሚባለው ደብዳቤ አድማጮቻችን ሳይሰሙ አይቀሩም። የሐዲስ ሊቃውንት የዘገባውን ሰነድ ደካማ ስላሉት እዚህ አንገባበትም።)

በ247 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ861) በኸሊፋ አል-ሙተወኪል ዘመን፣ ዛሬ ካይሮ መካከል በምትገኘው በረውዷ ደሴት ላይ “ሚቅያስ” የተባለው የናይል መለኪያ ተሠራ። እስካሁንም አለ። በጥልቅ ጉድጓድ መካከል የዕብነ በረድ ዓምድ ቆሟል፤ ጉድጓዱ ከወንዙ ጋር የሚገናኝባቸው መግቢያዎች ነበሩት፤ ዓምዱ ላይ ክንዶች ተቀርጸዋል። በግድግዳው ላይ ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ የሚናገሩ የቁርኣን አንቀጾች ተጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1183 ግብጽን ያየው አንዳሉሳዊው መንገደኛ ኢብን ጁበይር እንደሚነግረን፣ ገዢው የመሬት ግብሩን ኸራጅ በሙሉ ለመሰብሰብ መብት የሚኖረው ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ ነበር። ወንዙ ካልሞላ ገበሬው ምን ይክፈል? በዚህ ነገር የጥንቶቹ ፍርድ ትክክል ይመስለናል።

ሆኖም መለኪያው ችግርም ነበረው። በሙላቱ ወራት አዋጅ ነጋሪዎች ውሃው ስንት ጣት እንደጨመረ በየቀኑ በከተማው እየዞሩ ይናገሩ ነበር። ጭማሪው ያነሰ ዕለት ነጋዴው እህሉን ጎተራ ይቆልፋል፤ ያለው ይሸምታል፤ የሌለው ይጮኻል። ወንዙ ገና ሳይጎድል ገበያው ይጎድላል። በ362 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ973) ፋጢማዊው ገዢ አል-ሙዒዝ 16 ክንድ እስኪሞላ አዋጅ እንዳይነገር ከለከለ፤ ልኩ ለእርሱና ለጦር አዛዡ ለጀውሀር ብቻ እንዲነገር አደረገ። ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ ይህን እርምጃ ያደንቃል። እኛም በወቅቱ ብልሃት እንደነበር አንክድም፤ ግን የሕዝብን እንጀራ ልክ ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀው መሆኑም ያሳስባል።

አል-መቅሪዚን ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1405 ገደማ ስለ ግብጽ ረሀቦች አንድ መጽሐፍ ጽፏል። ከእነዚህ ረሀቦች አንዱ በፋጢማዊው አል-ሙስተንሲር ዘመን ከ457 እስከ 464 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. ከ1065 እስከ 1072) ድረስ የቆየው ነው። መጽሐፉ ጥፋቱን ሁሉ በወንዙ ላይ አይጭንም። በእርሱ አባባል ረሀብን የሚያራዝሙት ሹመት በጉቦ መገዛቱ፣ የመሬት ኪራይ መወደዱና የገንዘቡ መርከስ ናቸው። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት መጻፉን ልብ በሉልን።

ወንዙን ከመለካት አልፎ መግታትን ያሰበም ነበር። የብርሃን ሊቁ ኢብኑል ሀይሠም በአል-ሓኪም ዘመን ወደ አስዋን ወጥቶ ቦታውን አየ፤ እንደማይቻለውም ተረድቶ ተመለሰ። ኢብኑል ቂፍጢ እንደዘገበው ከገዢው ቁጣ ለመዳን እብድ መሰለ።

የአሠራሩ ሥር የተነቀለው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ነው። ፓሻው ለአውሮፓ ገበያ ጥጥ ፈለገ፤ ጥጥ ደግሞ ውሃ የሚጠማው ወንዙ በሚጎድልበት በበጋ ነው። ስለዚህ ጥልቅ ቦዮች ተቆፈሩ፣ ክትሮች ተሠሩ፣ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣ ጀመር። ቆፋሪዎቹ በግዳጅ የተነዱ ገበሬዎች ነበሩ፤ በ1820 በተጠናቀቀው የማሕሙዲያ ቦይ ሥራ ላይ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ አልቀዋል። ውሃው ከማሳው ባለመራቁም ቢልሃርዚያ በመንደሮቹ ተስፋፋ። በዓመት አንድ ጊዜ ያርስ የነበረ ገበሬ ሁለት ሦስት ጊዜ ማምረቱ እውነት ነው፤ ትርፉ ግን በአብዛኛው የጥጥ ነጋዴዎችና የባለ ርስቶች ሆነ።

እንግሊዞች በ1902 አስዋን ላይ የመጀመሪያውን ግድብ ጨረሱ። ከ1960 እስከ 1970 የተሠራው ታላቁ የአስዋን ግድብ ደግሞ የሙላቱን ታሪክ ዘጋው። ወንዙ 2,100 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሰጥ ታስቦ ተገደበ። በግብጽና በሱዳን ድንበር ከየወገኑ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ኑቢያውያን መንደራቸውንና የአባቶቻቸውን መቃብር ለውሃው ትተው ተሰደዱ። ደለሉ ከግድቡ ኋላ ስለቀረ ገበሬው ማዳበሪያ መግዛት ጀመረ፤ የዴልታውን ዳርቻም ባሕሩ ይበላው ያዘ።

በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ግን የዕድሜ ባለጸጎቻችን አይረሱትም። ክረምቱ ሲከዳ በወሎና በትግራይ ስንቱ ወገናችን አለቀ። ያው ያልዘነበ ዝናብ ለአስዋንም የሚደርስ ነበር፤ ግብጾች ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ባጠራቀሙት ውሃ ችግሩን አለፉት። ሐይቁ እየጎደለ ሄዶ ተርባይኖቹ ሊቆሙ ሲቃረቡ የ1980 ዓ.ም. ክረምት ደረሰላቸው። ይህን የምንለው በግብጽ ወንድሞቻችን ለመቅናት አይደለም። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከአምስት እጅ አራቱ በላይ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ሆኖ ሳለ፣ ግብጽና ሱዳን በ1959 (እ.ኤ.አ.) ውሃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ አልተጠራችም።

ጉባ ላይ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ ጷጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከዚህ ግድብ የሚፈለገው እንደ ጥጡ ዘመን መስኖ አይደለም፤ ውሃው ተርባይኑን አዙሮ መንገዱን ይቀጥላል። ሦስቱ አገሮች በ2015 (እ.ኤ.አ.) ኻርቱም ላይ የመርሆች ስምምነት ፈርመዋል። ግድቡ እስከተመረቀበት ቀን ድረስ ያልተፈራረሙት በድርቅ ዓመት ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅና የዕለቱ የውሃ ልክ ለማን፣ መቼ እንደሚነገር ነው።